የእማማ ቀልድ ሰምና ወርቅ ነው

በሲያትል ከተማ፣ ከቼሪ ጎዳና እስከ ሬኒየር ቢች ባሉት የሐበሻ ምግብ ቤቶች ውስጥ አንድ ሰው «እናቴ መጣችልኝ» ብሎ ሲያበስር፣ ከ«እንኳን ደስ ያለህ» ቀጥሎ የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፡፡ «እሰይ! ታዲያ ልጆቹን ትይዝልሃለቻ!» ይባላል፡፡ እናትየዋ እዚህ ማንን ያውቃሉ፣ ቀኑን በምን ይገፉታል፣ መቼስ ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ ብሎ የሚጠይቅ እምብዛም የለም፡፡ አያት ከቦሌ ሲነሡ ሻንጣቸው በበርበሬ፣ በሽሮና በድርቆሽ ተሞልቶ ነው፡፡ ሲያትል ሲደርሱ ደግሞ ሥራቸው ተዘጋጅቶ ይጠብቃቸዋል፡፡

ልጅም ጎረቤትም «እማማ» የሚሏቸው አንዲት የደብረ ብርሃን እናት ከነዚህ አያቶች አንዷ ናቸው፡፡ ስማቸው በጋዜጣ እንዲወጣ አይፈልጉም፡፡ በመኖሪያ ፈቃድ ገብተው፣ በሬኒየር ሸለቆ ከወንድ ልጃቸው፣ ከምራታቸውና ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር አራቱን ወቅቶች አይተዋል፡፡ እማማ ቀልደኛ ናቸው፡፡ ልጃቸው የእናቱን ቀልድ ሥራ ቦታ ወስዶ ያወራል፤ ምራታቸው በስልክ ለእህቶቿ ትነግራለች፤ ሁሉም ይስቃል፡፡ ይሁን እንጂ የኢትዮጵያ እናት ቅሬታዋን በፊት ለፊት አትናገርም፡፡ በልጇ ቤት፣ በልጇ እንጀራ እየኖረችማ ጭራሽ አትናገርም፡፡ የከፋትን ነገር በቀልድ ሸፍና ታልፋለች፡፡ የእማማም ቀልድ እንደ ቅኔው ሰምና ወርቅ አለው፡፡ ሰሙን ሰምቶ የሚስቅ ሞልቷል፤ ወርቁን የሚፈልግ ግን ጥቂት ነው፡፡

እማማ ሲያትል የገቡት በጳጉሜን ነበር፡፡ አገር ቤት ክረምቱ ወጥቶ አደይ አበባ ሜዳውን ቢጫ በሚያለብስበት ሰሞን፣ የሲያትል ዛፎች ቅጠላቸውን ለማራገፍ ይሰናዳሉ፡፡ «እኛ ስናብብ እናንተ ትረግፋላችሁ እንዴ?» አሉ፡፡ ስለ ዝናቡ አስቀድመው ብዙ ተነግሯቸው ነበር፡፡ እውነቱን ለመናገር ግን በዓመት የሚጥለው ዝናብ ቢለካ አዲስ አበባ ከሲያትል ይበልጣል፡፡ ልዩነቱ አመጣጡ ላይ ነው፡፡ የኢትዮጵያ ክረምት በሐምሌና በነሐሴ በመብረቅና በነጎድጓድ መጥቶ፣ ዶፉን አውርዶ፣ በመስከረም ተሰናብቶ ይሄዳል፡፡ የሲያትሉ ግን ከጥቅምት እስከ መጋቢት ካፊያውን ያንጠባጥባል፡፡ እማማ በሁለተኛው ሳምንት ፍርዳቸውን ሰጡ፤ «ይኼስ ዝናብ አይደለም፤ ነገሩ የማያልቅለት ሰው ነው» አሉ፡፡

በዚያው ሰሞን ትምህርት ቤት ተከፈተ፡፡ የሰባት ዓመቱ የልጅ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ እማማ በአማርኛ ይጠይቁታል፣ እሱ በእንግሊዝኛ ይመልሳል፡፡ የቴሌቪዥኑን አከፋፈት፣ የምድጃውን አዘጋግ ያሳያቸው እሱ ነው፡፡ «ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» የሚባለው እንዲህ ያለ ጊዜ ነው፡፡ የቀረው ጨዋታቸው በእጅና በጥቅሻ ሆነ፡፡ «ከሁለታችን ዲዳው ማን እንደሆነ እንጃ» ይላሉ እማማ፡፡ ቤቱ በሳቅ ይሞላል፡፡ ወርቁ ግን ሌላ ነው፡፡ አያት 13 ሺህ ኪሎ ሜትር አቋርጠው መጥተው ከልጅ ልጃቸው ጋር የሚግባቡበት ቋንቋ አጥተዋል፡፡

ከዚያ ጨለማው መጣ፡፡ ደብረ ብርሃን ብርድ ያልተማረ አገር አይደለም፤ ብርድ ልብስ በማምረቱም የታወቀ ነው፡፡ ስለዚህ ልጃቸው ስለ ብርዱ ሲያስጠነቅቃቸው «ብርዱን ከነብርድ ልብሱ እናውቀዋለን» ብለውት ነበር፡፡ ያላሰቡት የብርሃኑን ነገር ነው፡፡ ከተማቸው ስሙን ያገኘው በ15ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ነው፡፡ ከብርሃን ተራራ የመጡት እናት ታኅሣሥ ውስጥ ሲያትል ፀሐይ የምትወጣው በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል፣ የምትጠልቀውም አሥር ሰዓት ከሃያ ገደማ መሆኑን አዩ፡፡ «ፀሐይዋም እንደናንተ ፓርት ታይም ነው የምትሠራው?» ብለው ጠየቁ፡፡ ይህች ቀልድ በታክሲ ተራና በምግብ ቤቶች ዞራለች፡፡

እማማ ቤት ውስጥ ግን ፓርት ታይም የሚሠራ ሰው የለም፡፡ ልጃቸው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተነሥቶ ወደ ሲታክ አውሮፕላን ማረፊያ ይሄዳል፡፡ ምራታቸው በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ናት፡፡ አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፡፡ ሰላምታ የሚለዋወጡት በር ላይ ነው፡፡ እማማም ይህን እንዲህ ብለው አጠቃለሉት፤ «ምራቴ የፈረንጅ አሮጊት ልታስተኛ ትሄዳለች፡፡ እኔ የእሷን ልጆች አስተኛለሁ፡፡ እኔን የሚያስተኛኝ ቴሌቪዥኑ ነው፡፡»

ቡናውም እንደዚያው ነው፡፡ ሲያትል እ.ኤ.አ. በ1971 የመጀመሪያው ስታርባክስ የተከፈተባት፣ በቡና ስሟ የተጠራ ከተማ ናት፡፡ እማማ ግን በዚህች የቡና ከተማ ቡና የሚጠጣላቸው አጡ፡፡ አንድ ቀን ቆልተው ጭሱን ሲያዞሩ ጣሪያው ላይ ያለው የጭስ ደወል ጮኸ፡፡ «ቡና ሲሸተው የመጣ ጎረቤት ይኼው አንዱ ነው፤ እሱም አይቀመጥም» አሉ፡፡ ልጃቸው ይህን ሰምቶ የሳቀውን ያህል፣ እናቱ ዕድሜ ልካቸውን ቡና ብቻቸውን ጠጥተው እንደማያውቁ ቢያስታውስ ኖሮ ቢያንስ የሕንፃውን አንዲት ሐበሻ ሴት ይጠራላቸው ነበር፡፡

መጋቢት ሲያልቅ በዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ግቢ ያሉት የቼሪ ዛፎች ያብባሉ፡፡ ሰው ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፡፡ ቤተሰቡም እማማን የሐበሻ ቀሚስ አስለብሶ፣ ነጠላ አጣፍቶ ወስዶ አበባው ሥር አቆማቸው፡፡ ፎቶግራፉ ደብረ ብርሃን ድረስ ተላከ፤ «ምን ያለ ገነት ነው!» ተባለ፡፡ እማማ ፍሬው መቼ እንደሚደርስ ጠየቁ፡፡ እነዚህ ዛፎች ለአበባቸው የተተከሉ እንጂ ፍሬያቸው የሚበላ አይደለም ተባሉ፡፡ «እንግዲያማ ሁለታችንም ለፎቶግራፍ ነው የመጣነው» አሉ፡፡ ያን ዕለት ከወራት በኋላ ከቤት ርቀው የሄዱበት የመጀመሪያው ቀን ነበር፡፡

በጋው ሲገባ ሲያትል ሌላ አገር ትሆናለች፡፡ ሰማዩ ይጠራል፤ ሬኒየር ተራራ በረዶውን ለብሶ ብቅ ይላል፡፡ ልጆቹ 4,392 ሜትር ነው ብለው ሲኩራሩባቸው፣ እማማ ራስ ዳሸን ከ4,500 ሜትር በላይ መሆኑን ከልጃቸው አረጋግጠው «ታናሽ ወንድሙ ነው» ብለው አረፉ፡፡ በሰኔ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ ሦስት ሰዓት አልፎ ነው፡፡ «አሁን ደግሞ ኦቨርታይም ገባች» አሉ፡፡ ኦቨርታይም የገባችው ግን ፀሐይዋ ብቻ አይደለችም፡፡ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹ ቀኑን ሙሉ በእማማ እጅ ሆኑ፡፡

በዚህ ሁሉ መካከል አንድ መልካም ነገር ሆነ፡፡ በነሐሴ ሲያትል ውስጥ በየመንገዱ ዳርና በየአጥሩ ጥግ እንጆሪ ይበስላል፡፡ ለከተማው ሰው አረም ነው፤ ለእማማ ግን የልጅነታቸው ምግብ ነው፡፡ ጎድጓዳ ሳህን ይዘው ልጆቹን አስከትለው ወጡ፡፡ «እሾኹን ተጠንቀቅ»፣ «ጥቁሩን እንጂ ቀዩን አትንካ»፣ «ቀስ» እያሉ ሲለቅሙ፣ ያ በእንግሊዝኛ ብቻ ይመልስ የነበረው ልጅ «እማማ፣ ወጋኝ!» ብሎ ጮኸ፡፡ በአንድ ዓመት ውስጥ ከአፉ የወጣ የመጀመሪያው ሙሉ የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ነበር፡፡ ለአንድ ልጅ ሰባት መጽሐፍ ያላስተማረውን አንድ እሾህ አስተማረው፡፡ ምክንያቱም አያቱ በዚያ ሰዓት ሞግዚት አልነበሩም፤ አዋቂና መሪ ነበሩ፡፡

እዚህ ላይ ለልጆቻቸውም ፍትሕ ሊሰጥ ይገባል፡፡ በሲያትል ሁለት ሕፃናትን ማቆያ ማስገባት ከቤት ኪራይ ጋር የሚፎካከር ወጪ ነው፡፡ ሁለት ሥራ የሚሠራው ሰው ለቅንጦት አይደለም የሚሠራው፤ ኪራዩን ከፍሎ ከሚተርፈው ላይ አገር ቤት ላለውም ይልካል፡፡ እናቱንም ያመጣው ናፍቋቸው፣ አሳክማቸዋለሁ፣ አሳርፋቸዋለሁ ብሎ ነው፡፡ እናትም የልጅ ልጅ ማሳደግን እንደ ጉልበት ሥራ አትቆጥረውም፤ ደስታዋ ነው፡፡ ችግሩ ልጆቹን መያዛቸው ሳይሆን፣ ከዚያ በቀር ሌላ ነገር እንዲኖራቸው አለመታሰቡ ነው፡፡

ነገሩን የሚያከብደው ደግሞ ኪሳቸው ባዶ መሆኑ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1996 ከወጣው ሕግ ወዲህ፣ በልጃቸው ዋስትና የሚገቡ ወላጆች ኤስ ኤስ አይ የሚባለውን የአረጋውያን ድጎማ ዜግነት ሳያገኙ ለማግኘት እጅግ ይቸገራሉ፡፡ ሜዲኬርም ቢሆን ዕድሜው 65 የሞላ ባለ መኖሪያ ፈቃድ፣ በሥራ የተገኘ መብት ከሌለው፣ አምስት ዓመት በተከታታይ ኖሮ፣ ያውም በየወሩ ከፍሎ የሚገባበት ነው፡፡ ደብረ ብርሃን በራሳቸው ቤት እመቤት የነበሩ፣ ለለማኝ የሚመጸውቱ እናት እዚህ ለሻማ መግዣ እንኳ የልጃቸውን እጅ ያያሉ፡፡ ይህንን ቀልደው የሚያልፉት አይደለም፤ ዝም ነው የሚሉት፡፡

ምን ይደረግ? ለብዙው ነገር ገንዘብ አያስፈልግም፡፡ አንደኛ፣ እማማ የቤቱ ቁልፍ ይኑራቸው፤ ከውጭ መግባት የማይችል ሰው ከቤት አይወጣም፡፡ ሁለተኛ፣ ዕድሜያቸው 65 ለሞላ የአውቶቡስና የባቡር ዋጋ በቅናሽ ካርድ 1 ዶላር ነው፤ እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከመስከረም 2022 ጀምሮ በነፃ ይሳፈራሉ፡፡ አያትና የልጅ ልጅ በ1 ዶላር ከሬኒየር ቢች ተነሥተው ከተማውን አይተው ሊመለሱ ይችላሉ፡፡ እሱ ፊደሉን ያነብላቸዋል፣ እሳቸው መንገዱን ያስታውሱለታል፡፡ ሦስተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን የእማማ ይሁን፤ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ቢሆን፣ ጓደኛ ቤት ቢሆን ምርጫው የራሳቸው ነው፡፡ አራተኛ፣ ከእማማ ጋር በአማርኛ መነጋገር የቤቱ ሕግ ይሁን፤ ሕጉን መጀመሪያ የሚያከብሩት ግን ወላጆቹ ናቸው፡፡ አምስተኛ፣ መጠኑ ቢያንስም በየወሩ የማይጠየቁበት የእጅ ገንዘብ ይሰጣቸው፡፡

ኮሚዩኒቲውም የበኩሉን ጀምሯል፡፡ በሬኒየር ጎዳና የኢትዮጵያ ኮሚዩኒቲ ያስገነባው፣ 90 ያህል ቤቶች ያሉት «ኢትዮጵያን ቪሌጅ» የተባለው የአረጋውያን መኖሪያ፣ ሽማግሌዎችና አሮጊቶች በቋንቋቸው እየተጨዋወቱ የሚያረጁበት ቦታ ሊኖር እንደሚችል አሳይቷል፡፡ ሁሉም አያት ግን እዚያ አይገባም፤ የብዙዎቹ መኖሪያ የልጃቸው ቤት ሆኖ ይቀጥላል፡፡

የመጨረሻው ጉዳይ መመለስ ነው፡፡ ዓመቱ ሲዞር እማማ «ፀሐይዋስ ሰዓቷን ጨረሰች፤ እኔን ማን ያስፈርመኛል?» አሉ፡፡ ልጃቸው ሳቀ፡፡ ትኬት ግን አልቆረጠም፡፡ አስቸጋሪ መሆኑ አይካድም፤ ልጆቹን ማን ይይዛል? ደግሞ አረንጓዴ ካርድ ይዞ ከአንድ ዓመት በላይ ውጭ የቆየ ሰው፣ ከመሄዱ በፊት እዚሁ ሆኖ የመመለሻ ፈቃድ ካልጠየቀ ካርዱ ጥያቄ ላይ ይወድቃል፡፡ ይሁንና ፈቃዱ እስከ ሁለት ዓመት ሊሰጥ ይችላል፤ መንገድ የሌለው ነገር አይደለም፡፡ እናት አገሯን አይታ መምጣት የምትፈልገው ልጇን ጠልታ አይደለም፡፡ ያልታረሰ ማሳ፣ ያልተደረሰ ለቅሶ፣ የታመመች እህት፣ የፈረሰ አጥር አለባት፡፡

ስለዚህ እናቱን ያመጣ ሁሉ ዛሬ ማታ ሲገባ፣ እናቱ አዲስ ቀልድ ቢቀልዱ መሳቁን ይሳቅ፡፡ ከሳቀ በኋላ ግን አጠገባቸው ይቀመጥና «እማዬ፣ አገር ቤት መቼ መሄድ ትፈልጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃቸው፡፡ የሚሰጡትን መልስ በቀን መቁጠሪያው ላይ ይጻፈው፡፡