ስለ ኦክሲጅን ሴንሰርና በቤት ስለ መለወጡ

በዚህ የቤተ ሰብ ገጽ ስለ ምግብና ስለ ልብስ፤ ስለ ልጆች ጤናና ስለ ቤት ንጽሕና መጻፋችን የተለመደ ነው። ዛሬ ስለ አውቶሞቢል መጻፋችን እንግዳ መስሎ ቢታይም፤ የቤት አውቶሞቢል በዘመናችን ከቤተ ሰቡ ወጪ ከፍ ያለውን ክፍል የሚወስድ፤ ልጆችን ወደ ትምህርት ቤት፤ ሕመምተኛውንም ወደ ሐኪም የሚያደርስ ሆኗልና ነገሩ ከገጻችን ውጭ አይደለም። ይልቁንም በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፤ በግቢው ውስጥ የቆመውን አሮጌ መኪና በደኅና መያዝ ለብዙ ቤተ ሰብ ግዴታ ሆኗል።

የዛሬው ነገራችን ኦክሲጅን ሴንሰር ስለሚባለው ትንሽ ዕቃ ነው። መጠኑ ከካንዴላ ጥቂት የሚበልጥ ሲሆን፤ ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ ቧንቧ ላይ ተጠምዞ ይገባል፤ ከጀርባውም ሽቦ ይወጣለታል። ይህ ዕቃ ሲበላሽ ቤንዚን ያለ ልክ ይባክናል፤ መኪናው ቆሞ ሳለ ሞተሩ ይንገጫገጫል፤ ጭሱም ይጠቁራል፤ በመሪው ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ የሞተር ሥዕል ያለበት ቢጫ መብራት ይበራል። ብዙ ሰዎች መብራቱን ባዩ ጊዜ ወዲያው ሴንሰሩን ገዝተው ያስለውጣሉ፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ግን ያው መብራት ተመልሶ ይበራል። ሴንሰሩ የሞተሩን ነገር የሚናገር ምስክር ነው እንጂ ሁልጊዜ ጥፋተኛ አይደለም፤ ክፉ ወሬ ያመጣለትን ምስክር አስሮ ሌባውን የሚለቅ ዳኛም ፈረደ አይባልም። ስለዚህ እንዴት እንደሚለወጥ ከመናገራችን በፊት መለወጥ የሚገባው መቼ እንደ ሆነ እንናገራለን።

ሥራው ምንድር ነው ቢሉ፤ ቤንዚን የሚነደው ከአየር ጋራ ተቀላቅሎ ነው፤ አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ እንዲነድ 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይፈልጋል። አየሩ ያነሰ እንደ ሆነ ሳይነድ የቀረው ቤንዚን ጥቀርሻና መርዘኛ ጭስ ሆኖ ይወጣል፤ አየሩ የበዛ እንደ ሆነ ደግሞ ሞተሩ ጕልበት ያጣል። የሴንሰሩ ጫፍ ዚርኮኒያ ከሚባል የሸክላ ዐይነት ተሠርቶ በስስ ፕላቲን የተለበጠ ነው፤ አንዱን ፊቱን ጭሱ ያገኘዋል፤ ሌላውን ፊቱን የውጭው አየር። በሁለቱ መካከል ያለው የኦክሲጅን ልዩነት የኤሌክትሪክ ኀይል ይወልዳል። ቤንዚኑ ሲበዛ ኀይሉ ወደ 0.9 ቮልት ይወጣል፤ አየሩ ሲበዛ ወደ 0.1 ቮልት ይወርዳል። የሞተሩ ኮምፒዩተር ይህን እየሰማ ቤንዚኑን ይጨምራል፤ ይቀንሳልም። ጫፉ ግን 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ሳይሞቅ አይናገርም፤ ስለዚህ በኋላ ለተሠሩት በውስጣቸው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተደርጎላቸዋል። ይህን ዕቃ የጀርመኑ ቦሽ ሠርቶት፤ እ.ኤ.አ. በ1976 በመጀመሪያ የተገጠመው ወደ አሜሪካ በሚላኩ የስዊድን ቮልቮ መኪናዎች ላይ ነበር።

ለእኛ ለደገኞች ጥቅሙ ከሌላው ይበልጣል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ስለ ተሠራች አየሯ ከወደብ አገር አየር በሩብ ያህል የሳሳ ነው። በካርቡራተር የሚሠራ መኪና ለቈላ ተስተካክሎ ወደ ደጋ የወጣ እንደ ሆነ ቤንዚን በዝቶበት ጥቁር ጭስ ይተፋል፤ መካኒክ በእጁ ካላስተካከለውም በቀር አይድንም። ሴንሰር ያለው ግን ወደ አዋሽ ሲወርድም ወደ እንጦጦ ሲወጣም ራሱን ያርማል፤ የሚገባውን አየር የሚለኩ ሌሎች መሣሪያዎች ቢኖሩም የመጨረሻውን እርማት የሚሰጠው እርሱ ነው። ካርቡራተር ካላቸው አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ ይህ ዕቃ የላቸውምና፤ አንባቢዎቻችን ገበያ ከመውጣታቸው በፊት ኮፋኖውን ከፍተው መኖሩን ይመልከቱ።

አሁን ወደ ምስክርነቱ እንመለስ። እ.ኤ.አ. ከ1996 ወዲህ ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩ የቤት መኪናዎች ሁሉ፤ ለሌላ አገር ከተሠሩትም ብዙዎቹ፤ በመሪው አካባቢ የመመርመሪያ መሰኪያ አላቸው። በዚያ ላይ የኮድ ማንበቢያ ሲሰካ መብራቱ ስለ ምን እንደ በራ በቍጥር ይነግራል። ቍጥሩ ፒ 0135 የሆነ እንደ ሆነ የሴንሰሩ ማሞቂያ ወይም የማሞቂያው መሥመር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ፊውዙና ሽቦው ደኅና ከሆኑ ምስክሩ ራሱ ታሟልና ይለወጣል። ፒ 0171 የሆነ እንደ ሆነ ግን ምስክሩ «አየር በዝቷል» ይላል እንጂ «ታምሜአለሁ» አይልም፤ አየሩ በየት በኩል እንደ ገባ መፈለግ የባለቤቱ ፈንታ ነው። በሞተሩ ዙሪያ ያሉት የጎማ ቱቦዎች በሙቀት ደርቀው የተሰነጠቁ እንደ ሆነ አየር ያስገባሉ። ከሴንሰሩ በላይ ያለው የጭስ ቧንቧ የተበሳ ወይም ጓርኒሲዮኑ የተቃጠለ እንደ ሆነ የውጭው አየር ወደ ውስጥ ተስቦ ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ከሁሉ የሚያስገርመው ግን የካንዴላ ነገር ነው። አንዱ ካንዴላ እሳት መስጠት የተወ እንደ ሆነ ቤንዚኑም አየሩም ሳይነዱ ይወጣሉ፤ ሴንሰሩ የሚያውቀው ኦክሲጅንን ብቻ ነውና «አየር በዛ» ብሎ ይመሰክራል፤ ኮምፒዩተሩም ይህን አምኖ በቤንዚን ላይ ቤንዚን ይጨምራል። ባለቤቱ የቤንዚን ሽታ ይሸተዋል፤ ጥቁር ጭስ ያያል፤ ማንበቢያው ደግሞ አየር በዝቷል ይለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ካንዴላ ሊያበቃው ሲችል ውዱን ሴንሰር መግዛት ገንዘብን ማቃጠል ነው።

ሴንሰሩን ራሱን ለመመርመር ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። ሞተሩ በደንብ ከሞቀ በኋላ የቴስተሩ አንድ ጫፍ በምልክት ሽቦው፤ ሌላው ጫፍ በባትሪው ኔጋቲቭ ላይ ይደረጋል። ሞተሩ በደቂቃ 2,500 ዙር ያህል ሲዞር ቍጥሩ ከ0.1 እስከ 0.9 ቮልት መመላለስ አለበት፤ ቶዮታ ለብዙ መኪናዎቹ የሰጠው ልክ በ10 ሴኮንድ ውስጥ 8 ጊዜ ነው። የቤንዚን ፔዳሉ በድንገት ሲረገጥ ቍጥሩ ሽቅብ ይዘላል፤ ሲለቀቅም ይወርዳል። እንዲህ የሚያደርግ ሴንሰር ጤነኛ ነውና አይነካ። ቤንዚን ቢሰጡትም ቢነሡትም በአንድ ቍጥር ላይ ደርቆ የሚቀር፤ ወይም እያመነታ የሚመልስ ግን ዘመኑ አልፏል። በኋለኛው ዘመን በተሠሩ አንዳንድ መኪናዎች የፊተኛው ሴንሰር ሌላ ዐይነት ስለ ሆነ ይህ ልክ አይሠራለትም፤ በኮድ ማንበቢያ ይመርመር።

በዚህ ሁሉ ተመርምሮ መሞቱ የታወቀ እንደ ሆነ አዲሱን መግዛት ይገባል። ወደ ሶማሌ ተራ ሲሄዱ የመኪናውን ዘመንና የሞተሩን ዐይነት ጽፎ መያዝ፤ የአሮጌውንም ቍጥር፤ የሽቦውን ብዛትና የመሰኪያውን ቅርጽ በፎቶግራፍ አንሥቶ መውሰድ ይጠቅማል። ሻጩ «ይኸም ይገባል፤ ሽቦውን ቈርጠህ ቀጥለው» ቢል ባይሰሙት እንመርጣለን። ብዙ ሴንሰሮች ለማነጻጸሪያ የሚፈልጉትን የውጭ አየር የሚስቡት በሽቦው ውስጥ ባለው ቀዳዳ ነውና፤ ሽቦው በብየዳ የተደፈነ ወይም መሰኪያው በቅባት የተሞላ እንደ ሆነ አዲሱ ዕቃ ታፍኖ ይበላሻል። ወድቆ መሬት የመታውንም አይግዙ፤ በውጭ ምንም ባይታይበት በውስጡ ያለው ሸክላ ተሰንጥቆ ይሆናል።

ስለ አሠራሩ ከመጀመራችን በፊት፤ በመኪና ሥር ተኝቶ እጅን በዘይት ማሳደፍ ለባለ ማዕረግ አይገባም የሚል አንባቢ ቢኖር፤ በ1900 ዓ.ም. አውቶሞቢል መጀመሪያ አዲስ አበባ በገባ ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ራሳቸው እንደ ተሳፈሩበትና አዲስ መሣሪያ ሁሉ በመጣላቸው ቍጥር መመርመር ይወዱ እንደ ነበር እናስታውሰዋለን።

ሊፈሩ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች ናቸው። ፊተኛው ጭሱ ነው። በዝግ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ተኝተው በማግሥቱ ያልተነሡ ሰዎች ወሬ ለማናችንም እንግዳ አይደለም፤ ያ ቀለምም ሽታም የሌለው ገዳይ ካርቦን ሞኖክሳይድ ይባላል፤ ከመኪና ጭስም ይወጣል። ስለዚህ በሩ በተዘጋ የመኪና ቤት ውስጥ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ ሞተር አይነሣ፤ መኪናው ወደ ሜዳ ይውጣ፤ የጭሱም መውጫ ከመኝታ ቤት መስኮት ይራቅ። ሁለተኛው ክሪክ ነው። ክሪክ ለማንሣት እንጂ ለመሸከም አልተሠራም፤ ስለዚህ መኪናው በደልዳላ ስፍራ ቆሞ፤ የእጅ ፍሬኑ ተይዞ፤ በጎማዎቹ ሥር ታኮ ተደርጎ፤ ከተነሣም በኋላ በጠንካራ የብረት ድጋፍ ላይ ሳይቀመጥ ማንም ከሥሩ አይግባ። ድንጋይና ብሎኬት ይሰበራሉና ድጋፍ አይሆኑም። በብዙ መኪናዎች የፊተኛው ሴንሰር ከላይ በኮፋኖው በኩል ይገኛል፤ እንደዚህ የሆነለት ሰው ከነጭራሹ መኪናውን ባያነሣ ይሻለዋል። ሕፃናት ይራቁ፤ ከፍ ያለው ልጅ ወይም ልጅት ግን መብራት ይዘው ቢቆሙ ሥራ ይማራሉ።

በዋዜማው ማታ ሴንሰሩ በገባበት ጥምዝ ዙሪያ ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ይረጭ። በማግሥቱ ሞተሩ ሁለት ሦስት ደቂቃ ያህል ተነሥቶ ይጥፋ፤ ብረቱ ጥቂት ሲሞቅ ይላላልና። ነገር ግን ቧንቧው እጅ ያቃጥላልና ወፍራም ጓንት ማድረግ ግድ ነው። ከዚያ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ፤ መሰኪያውም ምላሱ ተጭኖ ይላቀቅ እንጂ በሽቦው አይጎተት። ሴንሰሩ ብዙውን ጊዜ 22 ቍጥር ቁልፍ ይፈልጋል፤ ሽቦውን የሚያሳልፍ ጎኑ የተሰነጠቀ ልዩ ሶኬት ቢገኝ ይመረጣል። በአንዳንድ ቶዮታዎች ግን በሁለት ትናንሽ ዳዶዎች የታሰረ ነው። አልላቀቅ ያለ እንደ ሆነ ጥቂት ወደ ግራ፤ ጥቂት ወደ ቀኝ እየመለሱ፤ ዘይት እየጨመሩ መታገሥ ነው። ማዕዘኑ መሟለጥ የጀመረ እንደ ሆነ እዚያው ላይ ትቶ ወደ ጋራዥ መውሰድ ብልኅነት ነው፤ የቧንቧው ጥርስ ከተበላ ወጪው ከሴንሰሩ ሊበልጥ ይችላል።

አዲሱ ሲገባ ጫፉ በእጅ አይነካ፤ ዘይትም አያግኘው። ብዙዎቹ በጥምዛቸው ላይ እንዳይጣበቁ የሚያደርግ ቅባት ተቀብቶላቸው ይመጣሉ፤ ያልተቀባው ለሴንሰር የተፈቀደውን ቅባት በጥምዙ ላይ ብቻ ይቀባ። መጀመሪያ በጣት ይዙር፤ በጣት እንቢ ካለ ጥርሱ ተሳስቷልና ተመልሶ ይውጣ። በመጨረሻ በቁልፍ ሲጠብቅ ኀይሉ 40 ኒውተን ሜትር ያህል ነው፤ ይኸውም ሩብ ሜትር በሚረዝም ቁልፍ ጫፍ ላይ 16 ኪሎ እንደ መስቀል ያህል ነው፤ የመኪናው መጽሐፍ ሌላ ልክ ከሰጠ ግን እርሱን መከተል ነው። ሽቦው ከጋለው ቧንቧ ርቆ በነበረበት መያዣ ይታሰር።

ባትሪው ከታሰረ በኋላ ኮዱ ይሰረዝና መኪናው ጥቂት ቀን ይነዳ። መብራቱ ባለመብራቱ ብቻ አንርካ፤ ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ ኪሎሜትሩን መጻፍ፤ ሲጎድልም እንደገና ሞልቶ የገባውን ሊትር ማስላት ነው፤ ይህንም በሦስት አራት ሙሌት የመዘገበ ሰው ድካሙ ምን እንዳተረፈለት በቤቱ የወጪ ደብተር ላይ ያየዋል። ማሞቂያ የሌላቸው የጥንቶቹ ሴንሰሮች ከ50 እስከ 80 ሺህ ኪሎሜትር፤ ማሞቂያ ያላቸውም 100 ሺህና ከዚያ በላይ ሊያገለግሉ እንደሚችሉ ይታሰባልና የተለወጠበት ቀን በዚያው ደብተር ይጻፍ።

አሮጌውንም ሴንሰር ቶሎ አትጣሉት። ቀድሞ በቤንዚን ውስጥ ይጨመር የነበረው እርሳስ ጫፉን ይመርዘው ነበር፤ ዓለም ሁሉ ግን ይህን ትቷል፤ በመጨረሻ የተወችውም እ.ኤ.አ. በ2021 አልጄሪያ ናት። ዛሬ የሚገድሉት ሌሎች ናቸው። ጫፉ እንደ ምጣድ ጥላሸት ጠቍሮ የተገኘ እንደ ሆነ ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ኖሯል፤ ወፍራም የዘይት ዝቃጭ ያለበት እንደ ሆነ ሞተሩ ዘይት ይበላል፤ ነጭ ዱቄት የለበሰ እንደ ሆነ ደግሞ የራዲያተሩ ውሃና መድኀኒት ወደ ሲሊንደር እየገባ ወይም ሲሊኮን የሚባለው ማጣበቂያ በሞተሩ ላይ ተደርጎ ይሆናል። ከእነዚህ አንዱ የታየ እንደ ሆነ አዲሱም እንደ ፊተኛው ሳይመረዝ፤ አሮጌውን በጨርቅ ጠቅልሎ ለመካኒኩ ማሳየት ይገባል።