ያጠኑት በፈተና ሰዓት ለምን ይጠፋል?

የፈተና ወቅት ሲቃረብ ልጆቻቸውን ይዘው ወደ ሕክምና የሚመጡ ወላጆች ይበዛሉ። «ዶክተር፣ ሌሊቱን ሙሉ ሲያጠና ያድራል፤ ወረቀቱን ሲያይ ግን ሁሉም ይጠፋበታል። ለማስታወስ የሚረዳ መድኃኒት የለም ወይ?» ይላሉ። ልጁን በስንፍና የሚወቅሱም አሉ። በአብዛኛው ግን ልጁ ሰነፍ አይደለም፤ አእምሮውም አልታመመም።

ሰው ሲጨነቅ ከኩላሊቶቹ በላይ የሚገኙት አድሬናል ዕጢዎች አድሬናሊንና ኮርቲሶል የተባሉ ሆርሞኖችን ያመነጫሉ። አድሬናሊን በሰከንዶች ውስጥ የልብ ምትን ያፈጥናል። ኮርቲሶል ግን በደም ውስጥ ከፍ የሚለው ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሲሆን፣ ሂፖካምፐስ የተባለውንና ለትውስታ ወሳኝ የሆነውን የአንጎል ክፍል ሥራ ይነካል። መጠነኛ ጭንቀት ያነቃል፤ ሲበዛ ግን የተማሩትን ማስታወስን ያውካል። እ.ኤ.አ. በ2000 በታተመ ጥናት፣ በሰውነት ውስጥ ወደ ኮርቲሶል የሚለወጥ እንክብል ከመጠየቃቸው ከአንድ ሰዓት በፊት የወሰዱ ጤናማ ሰዎች ከአንድ ቀን በፊት ያጠኗቸውን ቃላት የማስታወስ ችሎታቸው ቀንሶ ታይቷል። ለዚህም ነው ተማሪው ከፈተና ወጥቶ ሲረጋጋ መልሱ ትዝ የሚለው።

ሌሊቱን ሙሉ ማጥናት ችግሩን ያባብሳል። በቀን የተማርነው በአእምሮ የሚጸናው በእንቅልፍ ጊዜ ጭምር ነውና። በጫትና በብዙ ቡና እንቅልፍን ማባረርም ልብን ከማስመታትና ጭንቀትን ከመጨመር ያለፈ ትርፍ የለውም።

ስለዚህ ተማሪዎች በፈተናው ዋዜማ አዲስ ትምህርት አትጀምሩ፤ 8 ሰዓት ያህል ተኙ፤ ቁርስ ሳትበሉ አትውጡ። በፈተና መካከል ሁሉም ሲጠፋባችሁ እስክሪብቷችሁን አስቀምጡና ለአንድ ደቂቃ ያህል በዝግታ ተንፍሱ፤ ከዚያም ከቀላሉ ጥያቄ ጀምሩ።

ወላጆችም በዚያ ምሽት «ከወደቅህ ወዮልህ» ማለትን፣ ከጎረቤት ልጅ ጋር ማወዳደርን እንተው። ዛቻው ልጁን አያስጠናውም፤ ያጠናውን እንዳያስታውስ ያደርገዋል እንጂ።

የመርሳቱ ችግር ከፈተና በኋላም ለሳምንታት ከቀጠለ፣ እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ከጠፋ ልጁን ወደ ጤና ተቋም መውሰድ ይገባል። «መኖር አልፈልግም» ካለ ግን ለነገ አይባልም፤ ብቻውን ሳይተዉት በዚያኑ ዕለት ያሳክሙት።