ነፍስ የሚያድን ነገር ቦርሳ ውስጥ አይገባም

ቬጋስና አካባቢው ያላችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ ስለ ኳድ ቦርሳ በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ስለጠየቃችሁኝ መልሱን ለሁሉም እዚሁ ልጻፈው።

የማወራው ስለ ስፖርት ኳድ ነው፤ እንደ ያማሃ ራፕተር 700 ያለው። ለእርሻና ለአደን እንደሚሠራው ኳድ የዕቃ መጫኛ ብረት የለውም። የሠሩት ሰዎች ረስተውት አይደለም፤ ቀላል እንዲሆንና ነጂው ላዩ ላይ እንደ ልቡ እንዲንቀሳቀስ ብለው ነው። ስለዚህ አቋሜ አጭር ነው፦ ትንሽ ቦርሳ ግዙ። ትልቅ ከገዛችሁ ይሞላል። እናቶቻችን ሲሸኙን ሻንጣችን ውስጥ ክፍት ቦታ ካዩ ምን እንደሚያደርጉ ታውቃላችሁ፤ በርበሬ፣ ሽሮ፣ በሶ። እኛም ያው ነን።

ፊዚክስ ክፍል ያልኳችሁን አስታውሱ። ክብደቱ ብቻ ሳይሆን ርቀቱም ይቆጠራል። ከኋላ አክስል አልፎ የተንጠለጠለ 10 ኪሎ፣ የአሸዋ ዳገት ስትወጡ የፊት ጎማውን ያቀለዋል። ኳዱ ወደኋላ ከተገለበጠ ደግሞ የሚያርፈው እናንተ ላይ ነው። መቀመጫው ላይ የተቆለለ ቦርሳም ቁልቁለት ስትወርዱ ወደኋላ መሸሻ ያሳጣችኋል። ጠፍጣፋ፣ ዝቅ ያለ፣ ወደ መሃል የተጠጋ ይሁን።

ተነቃይ መሆኑ ቅንጦት አይደለም። ኳዱን ተጎታች ላይ ጭናችሁ ፍሪዌይ ስትወጡ ነፋስ ይገነጣጥለዋል፤ ስታጥቡት ውሃ ይገባበታል፤ ማደያ አቁማችሁ ስትገቡ ሌባ ያየዋል። በደቂቃ የሚፈታውን ምረጡ። እናንተ እስክትፈቱት ድረስ ግን ማሰሪያው እንደ ሞኝና ወረቀት የያዘውን የማይለቅ ይሁን። ላስቲክ አትመኑ። ፕላስቲኩ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ እሰሩት። የተረፈውን ጫፍም ጠቅልላችሁ ቋጥሩት፤ ራፕተር የኋላ ጎማውን የሚያዞረው በሰንሰለት ነው፣ የተንዘላዘለ ማሰሪያ እዚያ ውስጥ ከገባ ጎማው በሩጫ ላይ ሊቆለፍ ይችላል። ከጭስ ማውጫውም አርቁት፣ ናይለን ይቀልጣል። ቦርሳ ውስጥ ቤንዚን መያዝማ ጨርሶ አይታሰብም። ዚፕ ከአሸዋ ጋር አይስማማም፤ አፉ ተጠቅልሎ የሚዘጋው ይሻላል።

ምን ይግባበት? የጎማ መድፈኛ፣ ትንሽ ፓምፕ፣ ዝቅተኛ ግፊት የሚያነብ መለኪያ፣ ትርፍ ካንዴላ ከነመፍቻው፣ መጎተቻ ገመድ። አለቀ። መለኪያውን ለብቻው ያነሳሁት የስፖርት ኳድ ጎማ የሚነፋው ከ10 ፒኤስአይ በታች ስለሆነ ነው፤ የመኪናው መለኪያ እዚያ ታች በትክክል አያነብም።

አሁን ዋናው ጉዳይ። ውሃ፣ ስልክና የመጀመሪያ ዕርዳታ ዕቃ ቦርሳው ውስጥ አይገቡም። ሰውነታችሁ ላይ ነው የሚሆኑት። ቬጋስ በ2024 ጁላይ 7 ቀን 120 ፋራናይት ገብታለች፤ 48.9 ሴልሺየስ ማለት ነው። እንዲህ ባለ ቀን ኔሊስ ዱንስ ላይ ኳዱ ጥሏችሁ ቁልቁል ቢንከባለል፣ ውሃችሁም ስልካችሁም አብረውት ሄዱ። እግሩ የተሰበረ ሰው 50 ሜትር እንኳ ሩቁ ነው።

"ጀርባዬ ላይ ይከብደኛል" የምትሉ አላችሁ። 3 ሊትር ውሃ 3 ኪሎ ነው፣ እየጠጣችሁት ደግሞ ይቀላል። ጀርባችሁ ላይ ያለ ክብደት ስታዘነብሉ አብሯችሁ ያዘነብላል፤ ኳዱ ላይ የታሰረው ግን ቦታውን አይለቅም።

እና ልጆች፣ ሱቅ ከመሄዳችሁ በፊት ዕቃችሁን ወለል ላይ ዘርግታችሁ እዩት። ሕይወታችሁን የሚያድነውን ለዩና ከላያችሁ ላይ አድርጉት። ቦርሳው ለቀረው ብቻ የሚበቃ ይሁን። የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ ክፍል ውስጥም ብትከራከሩኝ ደስ ይለኝ ነበር። በሰላም ወጥታችሁ በሰላም ግቡ።