ተራው የእንጀራ ሆነ

ሰሞኑን ደግሞ በእኛ በስኳር ሕመምተኞች ዘንድ የሚወገዘው እንጀራ ነው። ባለፈው ሳምንት ለቅሶ ቤት አንድ ጎልማሳ እንጀራውን ገፋ አድርጎ ወጡን በማንኪያ እየበላ ስብከቱን ጀመረልን። እንጀራና ዳቦ ትቶ ስኳሩ ከወረደለት ወዲህ ክኒን የሚውጥ ሰው ሁሉ ሰነፍ ይመስለዋል። አጠገቡ የተቀመጡት እናት «እኔም ከነገ ጀምሬ እተዋለሁ» ሲሉ ደሜ ፈላ።

ከ«ለእኔ ሠርቷል» ባዮች ጋር የቆየ ጠብ አለኝ። ስኳር ያወርዳሉ በሚሏቸው በሽፈራው ቅጠልም በአብሽም ተጣልተናል። የለቅሶ ቤቱ ሰውዬ ግን አልዋሸም። ካርቦሃይድሬት መቀነስ የብዙ ሰው ስኳር ያወርዳል፤ የእሱንም አውርዷል። ያናደደኝ የእሱን ቆሽት በሁላችንም ሆድ ውስጥ ማስቀመጡ ነው። የእስራኤሉ ዋይዝማን ተቋም ተመራማሪዎች በ2015 ባወጡት ጥናት፣ የስኳር ሕመም የሌለባቸውን 800 ሰዎች የደም ስኳር ለአንድ ሳምንት ሲከታተሉ፣ በተመሳሳይ ምግብ የአንዱ ስኳር ሲያሻቅብ የሌላው እምብዛም አልተነቃነቀም። ጤነኛው እንዲህ ከሆነ እኛ በሽተኞቹማ! እኔን ሩዝ ሰማይ ያደርሰኛል፤ ግማሽ እንጀራ በሽሮ ግን ይታገሠኛል። የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ ተቃራኒዬ ነው።

እናትየዋ የሚወስዱት ግሊቤንክላሚድ ነው። ይህ ክኒን እንጀራ ተበላ አልተበላ ቆሽትን ኢንሱሊን ያስረጫል። እንጀራው በድንገት ሲቀር ስኳር ከ70 በታች ሊወርድ ይችላል፤ ከዚያ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ሲብስም ራስን መሳት ነው። ሜትፎርሚን የተባለውን ሌላ የስኳር ክኒን ብቻ የሚወስድ ሰው ይህ ስጋት እምብዛም የለበትም። «እማማ፣ መድኃኒቱ መቀነስ ይኖርበት እንደሆነ ሐኪምዎን ሳይጠይቁ እንዳይተዉ» ብላቸው፣ «አንተ ደግሞ መቼ ሐኪም ሆንክ?» አሉኝ። ሰባኪውን ግን ማንም እንዲህ አልጠየቀውም።

ከሁሉ የሚያሳዝኑኝ እንጀራውን በታማኝነት ትተው ጠዋት ሲለኩ ስኳራቸውን ከፍ ብሎ የሚያገኙት ናቸው። ወደ ንጋት ላይ ጉበት ራሱ ስኳር ይለቃል፤ የአንዳንዱ ደግሞ ከመጠን በላይ ነው። ይህን የማያውቅ ቤተሰብ «ማታ ተደብቀሽ ምን በላሽ?» ይላል። አክስቴ በዚህ ሐሜት ሞሰቡን ለልጇ አስረክባ ነበር።

ጾም ሲገባ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ሥጋው፣ ዕንቁላሉና አይቡ ሲነሱ ለሰባኪዎቹ ጎመንና ተልባ ይቀራል፤ ሽሮና ምስሩም እኮ ካርቦሃይድሬት አላቸው። ከአሜሪካ የሚመጡት ዘመዶቻችን ለዚህ መፍትሔ ብለው የአልሞንድ ዱቄት ይዘው ይመጣሉ። እግዜር ይስጥልኝ፣ ግን በሻንጣው ቦታ የስኳር መለኪያ ስትሪፕ ቢሞሉበት ምን አለ? እዚህ ስንቱ ሰው በወር አንዴ፣ ያውም በባዶ ሆዱ ክሊኒክ ሄዶ ተለክቶ ይመለሳል። እንጀራው ምን እንዳደረገው የሚያየው ከመብላቱ በፊት፣ ከዚያም ከበላ ከሁለት ሰዓት በኋላ ጣቱን ሲወጋ ነው። ስትሪፕ ይዛችሁ የመጣችሁ እንደሆነ ከአየር ማረፊያ መቀበሉ በእኔ ይሁን፤ መለኪያዬ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ብቻ አስቀድማችሁ ጠይቁኝ፣ የአንዱ ለሌላው አይሠራም።