ጋቶች የት ይጫወት?

የጋምቤላ ልጅ ሲነሳ የኳስ ተንታኞቻችን መጀመሪያ የሚያወሩት ስለ ቁመቱ ነው፤ ቀጥሎ ስለ ጉልበቱ። ጋምቤላ ከተማ ኒውላንድ ሜዳ ላይ ያለ ጎረምሳ ከእኩዮቹ በአንድ ራስ ከበለጠ ቦታው ተወስኖለታል፤ ከኋላ ቆሞ ኳስ ያፀዳል። በግራ እግሩ 40 ሜትር አሻግሮ ማቀበል መቻሉን የሚጠይቅ የለም።

ጋቶች ፓኖም ከዚህ ፍርድ በግማሽ ያመለጠ ተጫዋች ነው። በኢትዮጵያ ቡና የተከላካይ አማካይ ሆኖ ጎላ፤ የቆመ ኳስ መታ፣ ፍፁም ቅጣት ምት አስቆጠረ፣ ሲታዘዝም ወደ መሀል ተከላካይነት ወረደ። ሰኔ 2007 ዓ.ም. ባሕር ዳር ላይ ኢትዮጵያ ሌሶቶን 2 ለ 1 ስትረታ አንዱን ጎል ያገባው እሱ ነበር። በ2009 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ደግሞ የሩሲያው አንዢ ማካችካላ ወሰደው። ሳሙኤል ኤቶ የተጫወተበት ክለብ ነው፤ ጋቶች ሲደርስ ግን ባለሀብቱ ባለቤት ሸጦት ሄዶ ነበር። ቆይታው ዓመት አልሞላም።

ከዚያ ወዲህ ያለው መንገዱ ነው የሚያስቆጨኝ፤ መቐለ፣ የግብፁ ኤል ጎውና፣ ወላይታ ድቻ፣ ቅዱስ ጊዮርጊስ። በ2014 ዓ.ም. ጊዮርጊስ ዋንጫውን ሲያነሳ አብሮ ነበር፤ ስለዚህ ከሰረ አይባልም። ነገር ግን በየሄደበት ሥራውን ከዜሮ እንዲጀምር ይጠበቅ ነበር። ሁሉን የሚችል ሰው ሌላው የጎደለበትን ይሞላል፤ የራሱ ቦታ ግን ሳይጸና ዓመታት ያልፋሉ።

ይህ የግድ አይደለም። በሰሜን እንግሊዝና በአውስትራሊያ የሚወደደውን ራግቢ ሊግ እንይ። ሜዳ ላይ 13 ሰው አለ፤ ስድስቱ የፊት መስመር ናቸው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጡት ጥቂት ብቻ። ስለዚህ ከፊት ሆኖ የሚጋፋ፣ በጎን የሚሮጥ፣ 13 ቁጥር ለብሶም ኳስ የሚያከፋፍል አንድ ሰው ለአሰልጣኙ የታቀደ ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ለዚያ ይሰለጥናል፣ በዚያው ይከፈለዋል። እኛ ዘንድ ሁለገብነት የሚታወሰው ተከላካይ ሲጎዳ ነው፤ ቅዳሜ ማታ ይነገረዋል፣ እሁድ ይሰለፋል።

ኡመድ ኡኩሪም የዚያው ክልል ልጅ ነው። ጥር 2005 ዓ.ም. ደቡብ አፍሪካ ላይ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ በተመለሰው ብሔራዊ ቡድን ውስጥ ነበር፤ ቀጥሎም በግብፅ ለአል ኢቲሃድ አሌክሳንድሪያና ለስሙሃ ተጫውቷል። የሱ ዕድል የሚለየው አጥቂነቱ ገና ከአገር ሳይወጣ በመታወቁ ይመስለኛል። የግብፅ ክለቦች ሲፈልጉት ምን እንደሚገዙ ያውቁ ነበር።

ሁለቱም ስማቸውን ያስጠሩት አዲስ አበባ ባሉ ክለቦች ነው። በፕሪሚየር ሊጉ የጋምቤላ ክለብ የለም። ባሮ ወንዝ ዳር ያለ የ16 ዓመት ልጅ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ለሙከራ ሲመጣ፣ አሰልጣኙ እሱን የሚያይበት ጊዜ ጥቂት ቀን ቢሆን ነው። በጥቂት ቀን ውስጥ ቁመት ይታያል፤ የኳስ እይታ ግን አይታይም። የቡናም ሆነ የጊዮርጊስ መልማዮች በዓመት አንድ ጊዜ ጋምቤላ ሄደው ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ፣ ልጆቹን በየቦታው እያቀያየሩ ቢያጫውቱና የታዘቡትን በወረቀት ቢያሰፍሩ ወጪው ከአንድ የውጭ ተጫዋች የፊርማ ክፍያ የሚበልጥ አይመስለኝም።