ያለ ደረሰኝ የሄደ ደም

ወገን፣ ይቺ ጽሑፍ ረዘም ትላለች፣ ቻሏት።

የውጭ ልዑክ ቦሌ ባረፈ ቁጥር ኢትዮጵያ በፀረ ሽብር ትግሉ ቁልፍ አጋር መሆኗ ይነገረናል። እጅ ይጨባበጣሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። እኛም ፎቶውን ሼር አድርገን ደረታችንን እንነፋለን። ይሄ አጋርነት ምን አስከፈለን፣ ምንስ አስገኘልን ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም። ዛሬ እንጠይቅ። ሩቅ አንሄድም፣ ከዚያው ከቦሌ መንገድ እንጀምር።

ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም.። የግብፁ ፕሬዝዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ጉባኤ መጥተው ከኤርፖርት ወደ ከተማ ሲገቡ ቦሌ መንገድ ላይ ታጣቂዎች ተኩስ ከፈቱባቸው። ሰውየው ከካይሮ ባስመጡት ጥይት የማይበሳው መኪና ውስጥ ስለነበሩ ተረፉ። መኪናው ዞሮ ወደ ኤርፖርት፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ አገራቸው። አስፋልቱ ላይ የቀሩት የኛ ፖሊሶች ናቸው። ተኳሾቹ ግብፃውያን፣ የተተኮሰባቸው ግብፃዊ፣ የሞተው ያገሬ ልጅ!

ከዚያስ? ሦስት ተጠርጣሪዎች ሱዳን ገብተዋል ብለን ለዓለም አቤት አልን። የፀጥታው ምክር ቤት በ1988 ዓ.ም. ብቻ ሦስት ውሳኔ አሳለፈ፦ 1044፣ 1054፣ 1070። ሱዳን ሰዎቹን አሳልፋ ትስጥ ተባለ፤ አልሰጠችም። አውሮፕላኖቿን ያግዳል የተባለው 1070 ወረቀት ላይ ቀረ። መስከረም 1994 ላይ፣ አሜሪካ በተመታች በ17ኛው ቀን፣ ማዕቀቡ ጭራሽ ተነሳ። (እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ይነሳላት ብሎ ቀደም ሲል ደብዳቤ የጻፈው የኛው መንግሥት ጭምር ነው። ይሄንንም እንዋጠው።) በነሐሴ 2016 ደግሞ ከሶማሊያ ጋር ወታደራዊ ስምምነት ፈርማ ሞቃዲሾ ላይ መሣሪያ ያራገፈችው ያቺው ግብፅ ናት። ቦሌ መንገድ ላይ ለመሪዋ የፈሰሰው ደም የት ተመዘገበ?

አሁን አንዳንዱ፣ እንግዲያው የሰው ጦርነት ምን አገባን፣ በራችንን ዘግተን እንቀመጥ ይላል። እኔ እዚህ ላይ አልስማማም። ጥቅምት 3 ቀን 2006 ዓ.ም. እሑድን አስታውሱ። ዋልያዎቹ ናይጄሪያን የገጠሙበት ቀን፤ ከተማው በሙሉ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ለብሷል። እዚያው ቦሌ አንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ ሁለት ሶማሊያውያን ያዘጋጁት ቦምብ እዚያው ፈነዳባቸው። ፖሊስ እንዳለው ዒላማቸው ኳስ ሊያይ የወጣው ሕዝብ ነበር። 2 ለ 1 ተሸንፈን አንገታችንን ደፍተን ገባን፤ ከምን እንደተረፍን የገባን ኋላ ነው። ስለዚህ ያገባናል። እንዴት አያገባንም!

በነገራችን ላይ፣ ይሄን አንብባችሁ ቦሌ ሚካኤል ያለውን ሶማሌ በክፉ ዓይን የምታዩ ካላችሁ ከዚህ ገጽ ውጡ። ሐምሌ 2014 ላይ አልሸባብ ድንበር ጥሶ ሲገባ ደረቱን ሰጥቶ የገጠመው የሶማሌ ክልል ልዩ ኃይል ነው።

ወደ ሒሳቡ ልመለስ። ታኅሣሥ 1999 ሶማሊያ ገባን፣ ጥር 2001 ወጣን፣ በ2004 ተመለስን፣ ጥር 2006 ላይ አሚሶምን ተቀላቀልን። አሚሶም አትሚስ ሆነ፣ አትሚስ አውሶም ሆነ፤ ስሙ ሲቀያየር የኛ ልጅ እዚያው ነው። የአውሮፓ ኅብረት ለአንድ የአሚሶም ወታደር በወር 1,028 ዶላር ይከፍል ነበር። በ2008 ከዚያች ላይ 20 በመቶ ቀነሰ። ጥይቱ ግን በ20 በመቶ አልቀነሰም። ከአሚሶም ውጪ የዘመተው ሠራዊታችን ደግሞ ወጪው በኛው ጫንቃ ነው። ጥቅምት 2009 ላይ ጦራችን ከቲየግሎው ሲወጣ አልሸባብ ወዲያው ገባበት፤ ማን ምን እንደያዘ ያኔ ታየ። የተባበሩት መንግሥታት ለአፍሪካ የሰላም ተልዕኮዎች እስከ 75 በመቶ ወጪ መሸፈን ይቻላል ብሎ በውሳኔ 2719 አጸደቀ፤ አውሶም ሥራ ሲጀምር ግን አሜሪካ ይሄ አይሆንም አለች። በቃ።

መረጃውስ? ከአርባ ምንጭ የአሜሪካ ድሮን እንደሚነሳ በ2004 ያነበብነው ዋሽንግተን ፖስት ላይ ነው። የራሳችንን ሰማይ ዜና ከሰው ጋዜጣ!

ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ግን ገንዘቡም ድሮኑም አይደለም። ሶማሊያ ውስጥ ስንት ልጆች ሞቱብን? እስከ ዛሬ ለሕዝብ የተነገረ የተሟላ ቁጥር የለም። ወታደራዊ ምስጢር ነው ይሉናል። የነገ ዕቅድ ምስጢር ይሁን፣ ማንም አይቃወምም። ከዓመታት በፊት የሞተ ሰው ቁጥር ከማን ነው የሚደበቀው? አልሸባብማ የገደለውን ያውቃል። የማናውቀው እኛ ነን።

ሌላ ምሳሌ ከዚሁ ከምሥራቁ ሰፈር ላምጣ። ገርጂ ኮርያ ሆስፒታልን የማያውቅ የለም። የኮርያ ቤተ ክርስቲያን ነው ያሠራው። ቃኘው ሻለቃ በ1943 ዓ.ም. ኮርያ ዘመተ፤ ያም ቢሆን የዓለም አቀፍ ጥምረት ዘመቻ ነበር። ከ120 በላይ ወታደሮች ወደቁ። ቁጥራቸው ይታወቃል፣ አፍንጮ በር ሐውልት ቆሞላቸዋል፣ ልጅ ልጆቻቸው ድረስ የሚያስታውስ አገር አለ። ኮርያ ጨዋ ስለሆነች ብቻ አይደለም። ሙታኑ ተቆጥረው፣ ተጽፈው ስለነበር ነው። ያልተጻፈ ዕዳ ማን ይከፍላል?

የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። ማንኛውም የጦር ስምምነት ፓርላማ ቀርቦ በአደባባይ ይነበብ፤ የሞተው ይቆጠር፤ ለቤተሰቡ የሚከፈለው ይታወቅ። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ልዑክ ፊት የኛ ሰዎች ይሄን ዝርዝር ይዘው ይቀመጡ።

እስከዚያው እኛው እንጀምር። በየሰፈራችሁ ሶማሊያ ዘምቶ ያልተመለሰ ካለ ቤተሰቡን አስፈቅዳችሁ ሰፈሩንና ዓመቱን ብቻ ኮሜንት ላይ ጻፉ። ስም አትጻፉ፣ ክፍለ ጦር አትጻፉ። ስድብ የሚጽፍ ይታገዳል። እኔ ከየረር ጎሮ አንድ አለኝ፣ 2007።