ትንሿ አውሮፕላን ለምን ድንበር ላይ ትቆማለች?

ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፡፡ ሦስት መቶ ሰው አሳፍሮ ከፓሪስ የሚነሳ ፓይለት የአገሩን አውሮፕላን ይዞ ኒው ዮርክም፣ ቶኪዮም፣ ቦሌም ያርፋል፤ "ላይሰንስህ እኛ ጋ አይሠራም" የሚለው የለም፡፡ ከነሰዎቿ ግማሽ ቶን ገደማ የምትመዝን ማይክሮላይት የሚያበርረው ጎረቤቱ ግን ድንበር ከማለፉ በፊት ያኛው አገር ወረቀቱን ይቀበል እንደሆነ መጠየቅ አለበት፡፡ አንዱ አገር ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ ሌላው ደብዳቤ ጻፍ ይለዋል፣ ሌላው ጭራሽ አላውቅህም ይለዋል፡፡ ትልቁ ያልፋል፣ ትንሹ ይቆማል፡፡ የኤምባሲ ሰልፍ እያየን ላደግን ልጆች ይሄ ታሪክ አዲስ አይደለም፡፡ ግን ቆይ፣ "ግፍ ነው!" ለማለት አትቸኩሉ፡፡

ማይክሮላይት ማለት ጃንጥላ የመሰለ የጨርቅ ክንፍ ከላይ፣ ባለ ሦስት ጎማ ወንበር ከታች፣ ከኋላ ደግሞ የምትጮህ ሞተር ያላት ነገር ናት፡፡ ሁሉም እንደዚያ አይደሉም፤ እውነተኛ አውሮፕላን የሚመስሉ፣ በር ያላቸው፣ የሚያማምሩም አሉ፡፡ ፈረንሳዮች "ዩኤልኤም" ይሏታል፣ ሌላው "አልትራላይት" ይላታል፡፡ አውሮፓ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የባለ ሁለት ወንበሯ ጣሪያ 450 ኪሎ ነበር፤ አሁን አንዳንዱ አገር እስከ 600 ከፍ አድርጎታል (እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2021 አድርጋዋለች)፡፡

የሀብታም ጨዋታ ነው ትሉኝ ይሆናል፡፡ የሃይስኩል ጓደኛዬን ብታውቋት አትሉም፡፡ ፈረንሳይ ሱፐርማርኬት ውስጥ ካሸር ናት፡፡ ከደሞዟ እየቆጠበች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ በባቡር ከከተማ እየወጣች፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምራ የዩኤልኤም ፈቃዷን አወጣች፡፡ ባለፈው ክረምት አሜሪካ ቨርጂኒያ አክስቷ ጋ ሄደች፡፡ ሐሳቧ ባለ ሁለት ወንበር ተከራይታ አክስቷን በአየር ላይ ልታንሸራሽር ነበር (አክስትየዋ "ልጄ፣ እኔ ሊፍትም እፈራለሁ" ብለው ቀድመው ጨርሰዋል፣ እሱ ሌላ ጉዳይ ነው)፡፡ አንድ ክለብ ሄዳ ወረቀቷን አሳየች፡፡ አዩት፣ አገላበጡት፣ መለሱላት፡፡ "እዚህ አይሠራም፡፡" በዚያው ሌሊት በቴሌግራም የላከችልኝን እዚህ አልጽፈውም፤ ፍሬ ነገሩ "ቀለሜን አይተው ነው" የሚል ነበር፡፡

እኔ ግን በዚህ አልተስማማሁላትም፡፡ ፈረንሳይ ተወልዳ ያደገችው ማሪ ያንኑ ወረቀት ይዛ ብትሄድ መልሱ ያው ነው፡፡ የአሜሪካ አቪዬሽን የውጭ ላይሰንስ አይቶ የራሱን ይሰጣል፤ ላይሰንሱ ግን ዓለም አቀፉን የግል ፓይለት መስፈርት ያሟላ መሆን አለበት፡፡ የዩኤልኤሙ ወረቀት አያሟላም፡፡

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ፡፡ በዚያችው አሜሪካ፣ እ.ኤ.አ. በ1982 በወጣ ደንብ፣ ባዶ ክብደቷ ከ115 ኪሎ በታች የሆነች፣ 19 ሊትር ገደማ ነዳጅ ብቻ የምትይዝ ባለ አንድ ወንበር አውሮፕላን ለማብረር ምንም ላይሰንስ አያስፈልግም፡፡ ምንም! ጓደኛዬ ብቻዋን ያለ ወረቀት መብረር ትችላለች፤ አክስቷን ይዛ ከነወረቀቷ አትችልም፡፡ መጀመሪያ ሲሰሙት ያስቃል፡፡ ትንሽ ካሰባችሁበት ግን በጣም ጤነኛ ሕግ ነው፡፡ በራስሽ አንገት ላይ መፍረድ መብትሽ ነው፤ በአክስትሽ አንገት ላይ ከሆነ ግን ማን እንዳስተማረሽ መንግሥት ይጠይቃል፡፡ ለዚህም ነው እነዚያ ያለ ላይሰንስ የሚበሩት በቀን ብርሃን ብቻ፣ ከተማና ሕዝብ ከተሰበሰበበት ራቅ ብለው እንዲበሩ የሚገደዱት፡፡

የነገሩ ሥር ቺካጎ ነው፡፡ እ.ኤ.አ. በ1944 መጨረሻ የ52 አገሮች ተወካዮች እዚያ ተሰብስበው የሲቪል አቪዬሽን ስምምነት አወጡ፡፡ ኢትዮጵያም ነበረች፤ ልብ በሉ፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ራሱ የተመሠረተው ከዚያ አንድ ዓመት በኋላ ነው፡፡ የስምምነቱ አንቀጽ 33 የሚለው ባጭሩ ይሄ ነው፤ የጋራውን ዝቅተኛ መስፈርት ካሟላህ ላይሰንስህን እቀበላለሁ፡፡ ለግል ፓይለት መስፈርቱ ቢያንስ 40 የበረራ ሰዓትና የሐኪም ምርመራ ነው፡፡ የፈረንሳይ ዩኤልኤም ግን የተወሰነ ሰዓት የለውም፤ አስተማሪሽ "በቃሽ" ሲልሽ በቃሽ፡፡ ሐኪም አይጠይቅም፡፡ በ15 ዓመት ማውጣት ይቻላል፡፡ እንግሊዝ ለማይክሮላይት 25 ሰዓት ትጠይቃለች፡፡ ርካሽነቱ ከዚህ የመጣ ነው፡፡ ጓደኛዬ በካሸር ደሞዝ ፓይለት የሆነችው አገሩ "ቤትህ ውስጥ ተጫወት፣ ብዙ አልጠይቅህም" ስላለ ነው፡፡ ቀላል ወረቀት ፈልጎ ሲያበቃ ከባዱ ወረቀት የሚከፍተውን በር መጠበቅ፣ ይቅርታ አድርጉልኝ፣ አይሆንም፡፡

አሜሪካ ላይ ክርክሬን እዚህ ላይ አቆማለሁ፡፡ አውሮፓ ላይ ግን አላቆምም፡፡ የአውሮፓ ኅብረት ለትልልቆቹ አንድ ላይሰንስ አለው፣ ሁሉም ጋ ይሠራል፡፡ ማይክሮላይቶችን ግን እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው ደንብ ከጋራው ሕግ ውጪ አድርጎ ለየአገሩ ትቷቸዋል፡፡ በመኪና ከፈረንሳይ ቤልጅየም ስትገቢ ድንበሩን ያለፍሽው ኔትወርክሽ ስሙን ሲቀይር ነው የምታውቂው፤ መንጃ ፈቃድሽም እንደያዝሽው ይሠራል፡፡ ከዚያው መንገድ በላይ በ300 ሜትር ከፍታ የምትበር ልጅ ግን የየአገሩን ደንብ ማንበብ አለባት፡፡ አየሩ ያው፣ አውሮፕላኗ ያችው፡፡ እርስ በርስ በሠርተፊኬት ለመተማመን 27 አገሮች ምን እንደሚያቅታቸው አይገባኝም፡፡ በነገራችን ላይ በግምት የሚሻገሩ ሰዎች ቅጣቱን ብቻ ነው የሚፈሩት፡፡ እኔ የምፈራው ኢንሹራንሱን ነው፡፡ ላይሰንስሽ በማይሠራበት ሰማይ ላይ አደጋ ብታደርሺ ኢንሹራንሱ ፊቱን ያዞርብሻል፤ ዕዳው የዕድሜ ልክ ነው፡፡

የዛራ ራዘርፎርድን ጉዞ የምወደው ለዚህ ነው፡፡ ቤልጅየማዊት-እንግሊዛዊት ናት፣ በ19 ዓመቷ ስሎቫኪያ በተሠራች ሻርክ በምትባል አልትራላይት ዓለምን ብቻዋን ዞረች፡፡ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2021 ከቤልጅየም ተነስታ ጥር 20 ቀን 2022 ተመለሰች፡፡ በማይክሮላይት ዓለምን የዞረች የመጀመሪያዋ ሴት ናት፡፡ ሦስት ወር ይፈጃል የተባለው አምስት ወር ወሰደ፡፡ ነፋስና ብርዱ እንዳለ ሆኖ አላስካ ውስጥ ኖም ከተማ ላይ ያስቆማት አንዱ ነገር ምን ይመስላችኋል? የሩሲያ ቪዛ! አየሯን አንብባ፣ ውቅያኖሱን ንቃ፣ ማህተም ጠበቀች፡፡

እኛስ? እ.ኤ.አ. ኅዳር 2016 ከቀርጤስ ወደ ኬፕታውን በአሮጌ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አውሮፕላኖች የሚጓዙ ፓይለቶች ጋምቤላ ሲደርሱ ተያዙ፡፡ ሲቪል አቪዬሽን ያለ ፈቃድ የአየር ክልላችን ገብተዋል አለ፤ ከሁለት ቀን ገደማ በኋላ ተለቀቁ፡፡ አንድ አገር ሰማዩን መጠየቁ መብቱ ነው፣ ስምምነቱም ይፈቅድለታል፡፡ ግን "ይበላቸው፣ እኛንም ኤርፖርት ላይ እንዲሁ ያደርጉናል" የሚለው ወሬ ደስ አይለኝም፡፡ እንግዳን በመጉላላት ማስተማር የመንግሥት ሥራ አይደለም፡፡ የትኛውን ፎርም፣ ለማን፣ ከስንት ቀን በፊት እንደሚልክ ግልጽ አድርጎ መንገር ነው ሥራው፤ ከዚያ በኋላ ጥሶ የገባ ይጠየቅ፡፡

ለእንግዳ ብቻም አይደለም፡፡ አስመላሽ ዘፈሩን ታስታውሱታላችሁ፡፡ በአንድ ሴንቲ ሜትር ቁመት አንሶ ፓይለት ትምህርት ቤት ሳይገባ የቀረ ሰው ነው፡፡ ከመጽሐፍና ከዩቲዩብ ተምሮ፣ የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ገጥሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 ኬ-570ኤ ያላትን ቀላል አውሮፕላን ለማስነሳት ሞከረ፤ አልተሳካም፡፡ ሰዉ ግማሹ አጨበጨበ፣ ግማሹ ሳቀ፡፡ ለእሱና ከእሱ በኋላ ለሚመጡት ጭብጨባ አይደለም የምመኝላቸው፡፡ በአማርኛ የተጻፈ፣ ማንም ስልኩ ላይ የሚያነበው አንድ ገጽ ነው፤ አውሮፕላኗ ስንት ኪሎ መሆን እንዳለባት፣ ስንት ሰዓት ከአስተማሪ ጋር መብረር እንደሚያስፈልግ፣ ማን እንደሚፈትን፣ የት የት መብረር እንደማይቻል፡፡ ቁመት የሚል መስመር ባይኖርበት ደግሞ ደስ ይለኛል፡፡